የቁራ ምንቃር

ስምንት ጊዜ ወለቀ፤ የቆጠርኩት እኔ ነኝ።
የመጀመሪያውን አላየሁም፣ ወሬው ነው የደረሰኝ፦
መረብ ሲስቡ ባሕር ላይ፣ ማዕበሉ ሲያስገመግም፣
ገመዱ ክንዱን ይዞ ሄደ፤ ትከሻው ግን አልሄደም።
ሁለተኛው በእጅ ኳስ፣ በረኛ ሆኖ ሲዘረጋ፣
ሦስተኛው ሹራብ ሲያወልቅ፣ አራተኛው አልጋ
ላይ ነው፤ በእንቅልፉ፣ ወደ እኔ ሲዞር።
ያን ሌሊት ተማርኩ እኔም፣ ያለ መምህር፦
ክንዱን በቀስታ መሳብ፣ መጠበቅ፣ አለመቸኮል፣
እንደ ከባድ መሳቢያ «ዷ» ብሎ እስኪገባ ከመሃል።
ከዚያ ወዲያ እጄ ብብቱን እንደ ገዛ ኪሷ ለመደች፤
ገና ሊያስነጥስ አየር ሲስብ፣ እሷ ቀድማ ደረሰች።
«ትከሻው ሰፊ ነው» ይሉታል ሰዎች፣ ቻይነቱን ሲያወሩ፤
ስፋቱን የማውቀው እኔ ነኝ፣ ሲሸረፍ ዳር ዳሩ።

አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፤ እነሱን ልተዋቸው።
ስምንተኛውን ነው ልጃችን ድሪፋ ያየችው፤
ያላየችው ልበል።
በነሐሴ ማብቂያ፣ በደሴታችን ወግ፣
የፓፊን ጫጩት ጨረቃን ተከትላ ባሕሯን ስትፈልግ
በመንደሩ መብራት ትሳሳታለች፤ አስፋልት ላይ ታርፋለች፤
ልጆች በባትሪ ይለቅሟታል፤ በካርቶን ታድራለች፤
ሲነጋ ከገደሉ አፋፍ፣ ወደ ነፋሱ መወርወር ነው።
«አንተ ወርውርልኝ፣ አባ፣ ሩቅ!» ብላ ሰጠችው።
ወረወረ።
ጫጩቷ በረረች። ክንዱም አብሮ በረረ።
ሆስኩልድ ሣሩ ላይ ተንበረከከ። ልጅቷ ታጨበጭብ ነበር፤
ዞራ አባቷን ሳታየው መለስኩለት፣ በምስጢር።

ሬይክያቪክ ለመሻገር ሦስት ቀን ነፋሱን ለመንን።
ዶክተር ራንቬግ በስክሪኗ አጥንቱን ነጥላ አሳየችን፣
እንደ ገበያ ሸክላ አገላብጣ፦
«ይቺ ጽዋ አይደለችም፤ ድሮም ዝርግ ሳህን ናት፤
ኳሱ በጅማትና በልማድ ነው የሚቆምባት።
አሁን የፊት ከንፈሯ የለም፤ ተቆርሶ፣ ተፍቆ አልቋል፤
ሩቡ። ኳሱም በወጣ ቁጥር ጀርባው ተሰርጉዷል።
ጅማት ብቻ ብሰፋ፣ መቃን በሌለው በር መጋረጃ መስቀል ነው፤
አጥንት ለጎደለው መልሱ አጥንት ነው።»
«ከየት?» አላት። ከትከሻው ፊት፣ ደረቱ አናት ጫነች፦
«ከዚህ። የቁራ ምንቃር እንለዋለን» አለች።
በኛ ደሴት ቁራ የግልገል ዓይን ይነቅላል፤
«አንዱ በውስጤ ኖሯል!» ብሎ እያመመው ይስቃል።

ሁለት ሰዓት ተኩል ኮሪደር ላይ፣ ጓንቱን ታቅፌ እንደ ልጄ፤
ስንቴ የመለስኩትን አጥንት ቤቱን አላየሁትም፤ በእጄ
ብቻ ነው የማውቀው።
እሷ ግን ገባች፤ ምንቃሩን ከነጅማቱ ቆረጠች፣
በጡንቻው መሃል አሾልካ ከጎደለው ጠርዝ ገጠመች፤
ሁለት ብሎን። «ነርቩ አንድ ጣት አይርቅም» አለች ስትወጣ፤
«አጥንቱ አጥር ሆነ፣ ጅማቱ ማዘያ፤ ኳሱ የት ይውጣ?»

ስድስት ሳምንት ክንዱ ታዝሎ ከረመ፣ እንደ ጨቅላ።
ሸሚዙን ቆለፍኩለት፤ ዓሣውን ቆራረጥኩለት ሲበላ፤
አጥንትና አጥንት በጨለማ ሲተዋወቁ፣ ሲላመዱ፣
ከጣት ጀመረ፣ ከክርን፤ ግድግዳ ላይ ወጣ እንደ ሸረሪት ክንዱ።

ዘንድሮ ድሪፋ ካርቶኗን ከፈተች። ጠየቀችው በዓይኗ።
ጫጩቷን ተቀበለ፤ ትር ትር ይላል ትንሽ ጎኗ።
ክንዱን ወደ ኋላ ወሰደ። ወረወረ።
ጫጩቷ ሄደች። ክንዱ ተመለሰ፤ እዚያው ቦታው ነበረ።
እኔ ግን ስባንን፣ እጄ ማንም ሳይጠራት ሮጣ፣
ከጃኬቱ ስር ብብቱ ውስጥ ተገኘች፣ ሙቀቱን ጠጥታ።
«ምን ሆንሽ?» አለኝ።
«ምንም» አልኩት። እጄን ግን አላወጣኋት፤
እሱም ውጪ አላላት።